አላውቅም የሚል ሰው ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠፋ ነገር ብዙ ነው። ስኳር ይጠፋል፣ ውኃ ይጠፋል፣ ዝርዝር ብር ይጠፋል። ቆይቶ ግን ሁሉም ይመጣል። ጨርሶ የማይገኘው «አላውቅም» የሚል ሰው ነው።

ሰሞኑን ያበገነኝ ይሄ ነው። ልጄ በስልክ የእንፋሎት ባቡር ሲሄድ አየች። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው ነው። ያፏጫል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጣልያኖች የዘረጉት የ118 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። በጦርነቱ ፈራርሶ ነበር። ኤርትራውያን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሠራተኞችን ሳይቀር ሰብስበው ጠገኑት፣ አሮጌዎቹን ሞተሮችም አስነሷቸው። ልጄ «አባቢ፣ ይሄን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። አስመራ ደግሞ እሁድ ከሰዓት ደርሰው የሚመለሱበት አይደለም።

ጋሼ እዚያው ነበሩ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና «ምን አስመራ ያስኬዳል? ለገሃር አለ አይደል እንዴ! እሁድ እሁድ ለሕዝብ ያስነሱታል» አሉ። ማን ነገረዎት ማለት ነውር ነው። ዝም አልን።

እሁድ ከሰዓት ተነሳን። እናቴ ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ ቋጥራለች። ራይዱ ጣቢያው ፊት ለፊት አወረደን። በ1922 ዓ.ም. ያለቀው ሕንፃ ቆሟል። አንበሳው ቆሟል። የሚጨስ ነገር ግን የለም። ጋሼ «ከኋላ በኩል ነው የሚሆነው» አሉ። መጠየቅ ይሻላል አልኩ።

ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ነበር። የድሮው የእንፋሎት ባቡር የሚታየው የት ነው አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። «ፋዘር፣ ቀጥ በሉና ደረጃውን ውጡ።» ወጣን። እናቴ ጉልበቷን ይዛ፣ የምታውቃቸውን መላእክት በሙሉ እየጠራች ወጣች። ላይ ስንደርስ ቀላል ባቡሩ ነው። ከ2008 ጀምሮ ስንጋፋበት የኖርነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው። ልጄ ሽቦውን አየት አድርጋ «ጭሱ የት አለ?» አለች።

ወረድን። አንዲት ሴትዮ «አንበሳውን እለፉና ወደ ግራ» አሉን። የቱን አንበሳ? ይሄ ሰፈር እኮ አንበሳ በዝቶበታል። አንዱ ጣቢያው ፊት ያለው ነው፤ ለኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን የቆመ። ትንሽ ከፍ ስትሉ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ለኢዮቤልዩ የተሠራው የድንጋይ አንበሳ ተገትሯል። ከዚያ ወዲያ ጥቁር አንበሳ አለ። አንበሳ አውቶቡስ ደግሞ በመካከላቸው ይመላለሳል። የጣቢያውን አንበሳ ጣልያን በወረራው ጊዜ ሮም ወስዶት ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ እዚሁ ቦታው ላይ ቆመ። ከሮም ድረስ ሲመጣ አልጠፋበትም። መንገድ ስላልጠየቀ ይሆናል።

ጋዜጣ በብብቱ የያዘ ሰውዬ ደግሞ ቁርጡን ነገረን። «እሱማ ለቡ ተዛውሯል።» ባቡር ይዛወራል እንዴ? ለቡ ያለው በ2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ነው፤ እሱም ኤሌክትሪክ ነው። የሃዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። የድሮው 1 ሜትር ብቻ ነበር። አሮጌው ባቡር ለቡ ቢዛወር እንኳ አንደኛው እግሩ መሬት ላይ ነው የሚቀረው። ይሄን ልነግረው አሰብኩ። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አንዳቸውም አልዋሹንም። ቢዋሹን በቀለለኝ። ሁሉም ሊረዱን ነው የፈለጉት። ጠያቂን ባዶ እጁን መስደድ ነውር ሆኖባቸው በሌለ ባቡር አስተናገዱን። አመስግነናል ደግሞ። ማመስገን ግድ ነው።

አንድ የቆየ ቂም አለኝ። የሆነ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ማህተም ሄድኩ። መስኮት 3 ያለችው ልጅ «መስኮት 7» አለችኝ። መስኮት 7 «ፎቅ ላይ ነው» አለኝ። ፎቅ ላይ «መዝገብ ቤት ይጠይቁ» ተባልኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሰውዬ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቴን ገልብጦ አየ። አሰበ። «መስኮት 3» አለኝ። አንዳቸውም አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ሰውዬው በሩ ድረስ ሸኝቶኛል። ቢቆጡኝ እኮ እኔም ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። በፈገግታ የሚያንከራትትን ሰው ምን ትለዋለህ?

ይሄስ ያስቃል። የማያስቅም አለ። ቸርችል ጎዳና ላይ አንዲት ከገጠር የመጡ እናት አይቻለሁ። የራጅ ፖስታ ታቅፈዋል። ሆስፒታሉን ሲጠይቁ አንዱ ወደ ላይ ይልካቸዋል፣ ሌላው ወደ ታች ይመልሳቸዋል። ሁሉም በትህትና ነው። «ማዘር፣ በዚህ ነው፣ ደርሰዋል» ይሏቸዋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የቸርችልን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ይሄ ደግነት አይደለም። በሰው ጉልበት ዐዋቂ መምሰል ነው። አላውቅም ብትል ምን ትሆናለህ? ስንት ኪሎ ትቀንሳለህ? ሴትዮዋ ታመው ነው የመጡት! አንተ እዚያ ጥግ ቆመህ ለግማሽ ደቂቃ ዐዋቂ ለመሆን ብለህ ዳገት ታስወጣቸዋለህ?

እሺ። ወደ ለገሃር።

በመጨረሻ አንድ ጥበቃ አገኘን። ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ጠየቅነው። ወደ ሕንፃው ዞር ብሎ አየ። ወደ እኛ አየ። «አላውቅም» አለ።

ልስመው ምንም አልቀረኝ። ጋሼ ግን ደማቸው ፈላ። «እንዴት አያውቅም? እዚሁ ቆሞ እየዋለ! ታዲያ ደሞዝ የሚበላው ለምንድን ነው?» እናቴም አዘነችበት። «አንድ ነገር ቢለን ምን ነበረበት?» አለች። ደረጃ ያስወጣትን ልጅ «ይባርከው» ብላ ነበር፤ ይሄን «ልቡ ደንዳና» አለችው። የጥበቃውን ስም ሳልጠይቅ መምጣቴ ይቆጨኛል።

ይሄው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ራሱ ግን ያለፈለት ሠሪዎቹ አንድ ቀን እውነቱን ስለተናገሩ ነው። ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። የኩባንያው ሰዎች ተራራውን አዩ፣ ካዝናቸውን አዩ፣ አንችልም አሉ። ሐረርን ወደ ላይ ትተዋት በ1895 ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ደረሱ። ድሬዳዋ እንዲህ ተወለደች። ያቺ የመሰለች ከተማ ከአንድ «አንችልም» ነው የተገኘችው። የኛ ሰፈር መንገድ ጠቋሚ ደርሶባቸው ቢሆን «ሐረር? ቀጥ በሉ፣ ቅርብ ነው» ብሎ ባቡሩን ገደል አፋፍ ላይ ያስቀረው ነበር። ኩባንያው እንደዚያም ሆኖ ከስሯል። ሌላ ኩባንያ ተረክቦ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው።

ዣንጥላ ሥር ጀበና ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ አረፍ አልን። ዳቦ ቆሎው ወጣ። ጋሼ ትዝታ ጀመሩ። ባቡሩን ባናየው እንኳ እሳቸው አሉልን። «ጭሱ! ነጭ ሸሚዜን አጥቁሮት እናቴ ገርፋኛለች። ጠዋት ከዚህ ተነስተን ለምሳ ድሬዳዋ ነበርን።»

የምወደው ተረት አለ። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል። እናቴ ቪዛ የሚጠብቅ ጎረቤት ባየች ቁጥር ትለዋለች። ጋሼ ግን ይሄን ተረት ብቻቸውን ያፈረሱ ሰው ናቸው። መታወቂያቸው እንደሚለው የተወለዱት በ1951 ነው። የናፍጣ ሞተር ወደዚህ መስመር መግባት የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። እሳቸው ድሬዳዋ ሲሄዱ ጎትቶ የወሰዳቸው ናፍጣ ነው። በእንፋሎቱ ዘመንማ 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ያድራል። ለምሳ የሚደርስ የለም። ጋሼ ግን ይናፍቃቸዋል። ያልተሳፈሩበት ባቡር፣ ያልነካቸው ጭስ ይናፍቃቸዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እውነተኛ እንባ ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም።

ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች። «ጋሼ፣ ባቡሩን የሚገፋው ምንድን ነው?» አለች።

«ጭሱ ነዋ።»

ጭሱ አይደለም። ከሰሉ ወይም እንጨቱ ውኃውን ያፈላዋል፣ የታመቀው እንፋሎት ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ጎማውን ያዞራል። ጭሱ ተርፎ የሚወጣ ነው። ውኃው ደግሞ እንፋሎት እየሆነ ያልቃል፤ ለዚህ ነው ባቡሩ መንገድ ላይ እየቆመ ውኃ መሞላት የነበረበት። ይሄን ጆሮዋ ላይ በሹክሹክታ ነገርኳት። ጋሼን አየች። እኔን አየች። «ጋሼ ተሳፍረውበታል እኮ» አለችኝ።

ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ባቡር ሳታይ መመለሷ ጋሼን አሳዝኗቸዋል። የሚቀጥለው ወር ድሬዳዋ ሊወስዱን ነው። አሮጌዎቹ ባቡሮች ያሉበትን ጋራዥ አብጠርጥረው ያውቁታል፤ ዘበኛው ራሱ ዘመዳቸው ነው። እናቴ ከወዲሁ ዳቦ ቆሎውን አስባለች። ባለቤቴ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እኔም ምንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።