ውዳሴ መግለጫ

በዚህ ዓምድ ስትነቅፍ እንጂ ስታመሰግን አላየንህም የሚል ወቀሳ ከአንባቢዎች ስለደረሰኝ፣ ዛሬ አፌን አጣፍጬ ምስጋና ላቀርብ ተነሥቻለሁ። ምስጋናዬም በዞናችን በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በአንድ ማኅተምና በሁለት ወንበር አገር ለማዳን ለሚታገለው አነስተኛ ፓርቲ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ለክብሩ ስል ነው። ደግሞም ስሙ እጅግ ረጅም ሆኖ ከተፎካካሪው ስም የሚለየው በአንዲት ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ብጠቅሰው ምስጋናው ተሳስቶ ማዶ ቤት ይገባብኛል ብዬ ሰግቻለሁ።

ይህ ፓርቲ ሥራ የለውም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እነዚህ ሰዎች ማኅተሙን አላዩትም። በጋው ሳይጋመስ ስንት መግለጫ ላይ እንዳረፈ የማኅተሙ ቀለም ይመስክር፤ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ የነበረው፣ በኋላ ውኃ ሰማያዊ ሆነ፤ አሁን ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ላልተመለከተ ሰው መኖሩም አይታወቅም። ከእነዚህ መግለጫዎች መካከል ፓርቲው በራሱ ተነሣሽነት የጻፈው አንድም የለም። ሁሉም ተፎካካሪው ፓርቲ ላቀረበው ትችት የተሰጡ መልሶች ናቸው። እንዲህ ያለ ትሕትና በዘመናችን ፖለቲካ ከየት ይገኛል? ሌላው ሁሉ ሳይጠየቅ በሚናገርበት አገር፣ የእኛ ፓርቲ ካልሰደቡት በስተቀር ትንፍሽ አይልም።

የመግለጫውን የቋንቋ ብቃት ሳላወሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በቅርቡ ካነበብኋቸው አንዱ «ፓርቲያችን» ብሎ ከደብረ ብርሃን ተነሣ፤ በሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ በኩል ዞሮ፣ ዓድዋን ተሳልሞ፣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ጨለማውን በ«ይሁን እንጂ» እየዳሰሰ አለፈ፤ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውን ቁልቁለት «ከዚህም ባሻገር» በሚል ፍሬን ይዞ ወረደ፤ ማሰሪያ አንቀጹ የተገኘው ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ነው። እሱም «በጥብቅ ያወግዛል» የሚል ነበር። ማንን እንደሚያወግዝ ለማስታወስ እንደገና ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ ያስፈልግ ስለነበር፣ የመሳፈሪያውን ዋጋ አሰብሁና ተውሁት።

የዘንድሮው ጠብ የተነሣው በመሬት ፖሊሲ ነው። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ በኋላም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ከደነገገ ወዲህ፣ በዚህ አገር ፓርቲ ነኝ ያለ ሁሉ ስለ መሬት አንድ ነገር ሳይል አይውልም። አንዱ የግል ይሁን ይላል፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ ይላል። የእኛ ፓርቲ ግን ሁለቱንም ማስቀየም ስላልፈለገ፣ ገበሬው መሬቱን የመሸጥ ሙሉና የማይገሰስ መብት እንደሚኖረው፣ ሆኖም መሸጥ እንደማይፈቀድለት ፕሮግራሙ ላይ አስፍሯል። ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልናገርም። እንደ ጥሩ አረቄ ነው፤ ሲገባ አይታወቅም፣ ለመነሣት ሲሞክሩ ግን ጉልበት ይይዛል።

ተፎካካሪው ፓርቲ (ከእኛው ፓርቲ ሁለት በር አልፎ አንዲት ክፍል አለችው፤ ነገር ግን ወንበሩ ሦስት ስለሆነ ራሱን ትልቅ ፓርቲ አድርጎ ይቆጥራል) ይህን ፖሊሲ በሁለት ነጥብ ተቸ። አንደኛ፣ ፖሊሲው ገበሬውን ከእርሻው የሚያፈናቅል፣ አገር የሚያጠፋ መርዝ ነው አለ። ሁለተኛ፣ ይኸው ፖሊሲ ከራሱ ከተፎካካሪው ፕሮግራም ላይ ቃል በቃል የተሰረቀ ነው አለ። ተራ ፓርቲ ቢሆን ኖሮ «እንግዲያው መርዙ የእናንተ ነዋ» ብሎ ጉዳዩን በአንድ መስመር ይዘጋ ነበር። የእኛው ፓርቲ ግን እንዲህ ባለ ርካሽ ወጥመድ የሚያዝ አይደለም። በአራት ገጽ መልሱ ፖሊሲውን እንዳልሰረቀና ይልቁንም እንደተሰረቀ አስረዳ፤ ቀጥሎም ያው ፖሊሲ በራሱ እጅ ሲሆን ገበሬውን እንደሚታደግ፣ በተፎካካሪው እጅ ሲሆን ግን በእርግጥ መርዝ እንደሚሆን በማያሻማ ቋንቋ ገለጸ። ሁለቱ ፓርቲዎች አንድ ሐሳብ ይዘው ይህን ያህል መለያየታቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ አቅም በላይ የሆነ ጥበብ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ረቀቀና ወደ ገጽ 43 ዞረ። ተፎካካሪው «ገጽ 43 ላይ የሰፈረው ሐሳብ እጅግ አደገኛ ነው» አለ። የእኛው ፓርቲ «ገጽ 43 ከዐውዱ ተነጥሎ ተጠቅሷል» ብሎ መለሰ። ተፎካካሪው «ገጽ 43ን በዐውዱ ስናነበው ይባስ ብሎ አገኘነው» አለ። የእኛውም «ገጽ 43 የሰማዕታት ደም ያረፈበት ነው» አለ። እኔም እንደ አንድ ዜጋ የሰማዕታት ደም ያረፈበትን ገጽ ሳላየው ልሞት ነው ብዬ፣ በጥቅምት ብርድ ጋቢዬን ደርቤ፣ ፕሮግራሙን ለመጠየቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በአክብሮት ተቀብሎ ሰነዱን ሰጠኝ። ሰነዱ 38 ገጽ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን የማውጫ ገጽ ብንቆጥራት እንኳ 39 ነው። ነገሩን በለሰለሰ ቃል ሳነሣበት፣ ኃላፊው ፊቱ ላይ አንዳች ሳይለዋወጥ፣ ገጽ 43 በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ እንደሚጸድቅና እስከዚያው ግን ፓርቲው አቋሙን አስቀድሞ መከላከል ግዴታው መሆኑን አስረዳኝ። የሌለን ገጽ መተቸት ተሰጥኦ ነው፤ ተፎካካሪውን ለዚህ አደንቀዋለሁ። የሌለን ገጽ መከላከል ግን ጸጋ ነው፤ በጥረት አይገኝም።

አንዳንድ ትዕግሥት የጎደላቸው ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ሥልጣን ላይ ላለው ወገን ለምን አይውልም ይላሉ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉናል። የምርጫ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ወንበሩን ይወስዳል፤ የተቀሩት በጋራ የቱንም ያህል ቢያገኙ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እንግዲህ ሁለት አነስተኛ ፓርቲዎች አንዱን ድምፅ ለሁለት ገምሰው፣ ሲጓተቱ ሦስተኛው ሲወስደው ማየት ለወንበር ያልጓጓ ንጹሕ ልብ ምልክት ነው። በ2007ቱ ምርጫ የወቅቱ ገዥ ግንባርና አጋሮቹ 547ቱን የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ጠቅልለው ሲወስዱ አይተናል። ከ547 ውስጥ አንዲትም ካልቀረች፣ ፓርቲዎቻችን የሚጣሉት እርስ በርሳቸው ባይሆን በምን ሊጣሉ ነበር?

የአባላቱንም ነገር በአጭሩ ላንሣ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት 4,000፣ አገር አቀፍ ለመመሥረት ደግሞ 10,000 ፈራሚ ይጠይቃል። ፓርቲያችን ክልላዊ ስለሆነ 4,000ው ፈርመውለታል። መግለጫውን ግን የምናነበው አራት ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ሁለቱ ጸሐፊዎቹ፣ ሦስተኛው መልስ የሚያዘጋጀው የማዶው ሰው፣ አራተኛው እኔ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። ገጽ 43ን ሳልይዝ ልወጣ ስል አንድ አዛውንት ገቡ። ከመንዝ ጌራ ምድር ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። በሩ ላይ ከተጻፈው ረጅም ስም ውስጥ «ገበሬ» የምትለውን ቃል አይተው የግብርና ጽሕፈት ቤት መስሏቸው ነው የገቡት። ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ወንበሩን ለቀቀላቸው። (ሁለተኛው ወንበር ላይ እኔ ነበርሁ፤ እኔም ዘግይቼም ቢሆን ተነሣሁ።)

«ልጄ፣» አሉ አዛውንቱ፣ «ውርጩ ገብሴን ፍሬ ሳይቋጥር በላብኝ። እናንተ ዘንድ ስለ ውርጭ የተባለ ነገር አለ?»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአዛውንቱም አገር ደጋ ነው። ውርጭ በዚህ አካባቢ ማለት ቆላ ለወረደ ሰው ወባ ማለት ነው። ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ኃላፊው ወዲያው ገባው።

«አባቴ፣» አለ፣ «በዚህ ጉዳይ ተፎካካሪያችን እስካሁን ያቀረበብን ትችት የለም። ስለዚህ አቋም አልያዝንም። ትችቱ ይምጣ እንጂ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ እንሰጣለን።»

አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉ። መንዜ ደግሞ ችሎት የሚባል ነገር ከልጅነቱ ያውቃል።

«ከሳሽ ካልቀረበ ተከሳሽ ቃሉን አይሰጥም ነው የምትለኝ።»

«እንደዚያ ይሻላል፣ አባቴ።»

«የመሬቱስ ነገር? እኛ አገር ጓሳን፣ የጋራ ሣር ምድራችንን፣ አባቶቻችን አለቃ መርጠው፣ ዓመታት ዘግተው ያስጠብቁት ነበር። ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ፣ ሣሩን ለቤት ክዳኑም ለገመዱም በደንቡ እናጭዳለን። ይህ ወግ 400 ዓመት ገደማ ሆኖታል ይላሉ፤ ወረቀትም አልነበረው።»

«እሱ ገጽ 43 ላይ በሰፊው ተካቷል» አለ ኃላፊው።

እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። አዛውንቱ ግን ፊታቸውን ወደ ሰነዱ መለሱ፤ ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ሄዱና አስቀመጡት። ቆጥረውት እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያም የተፎካካሪው ቤት የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ኃላፊውም ሁለት በር አልፈው ሦስት ወንበር ያለበት መሆኑን፣ ቅናቱን ሊደብቅ እየሞከረ፣ ነገራቸው።

ማዶ ቤት የሆነውን በማግሥቱ ራሳቸው አጫወቱኝ። እዚያም በክብር ተቀብለዋቸው፣ ስለ ውርጭ ሲጠይቁ «የማዶዎቹ በውርጭ ላይ ፖሊሲ ስለሌላቸው ልንተቻቸው አልቻልንም፤ ካልተቸንም ራሳችን የምንለው ነገር የለንም» ብለዋቸዋል። አዛውንቱም፦

«የለም እንዴ? ገጽ 44 ላይ አለ አሉኝ እኮ» አሏቸው።

በዚያው ዕለት ማታ የተፎካካሪው መግለጫ ወጣ። የማዶው ፓርቲ በገጽ 44 ላይ ያሰፈረው የውርጭ ፖሊሲ የደጋውን ገበሬ ለብርድ አሳልፎ የሚሰጥ፣ ከእኛም ፕሮግራም የተሰረቀ ነው ይላል። የእኛ ፓርቲ ቃሉን የሚያጥፍ አይደለምና፣ 24 ሰዓቱ ሳይሞላ መልሱን አወጣ፤ «በገጽ 44 ላይ በግልጽ እንደሰፈረው፣ ፓርቲያችን በውርጭ ላይ ያለው አቋም የማያወላውል ነው» ይላል። ማኅተሙ አዲስ ቀለም ተገዝቶለት ስለነበር በደንብ ይታያል። ከግርጌውም «ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ» ተብሏል።

አዛውንቱን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ ስሸኛቸው፣ የሁለቱንም መግለጫ ቅጂ አራት ቦታ አጥፈው በጋቢያቸው ሥር ሲከቱ አየኋቸውና ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ማታ ማታ ይመጣል አይደል?» አሉኝ። «ለራሱ ለውርጩ አነብለታለሁ።»