ባለዘጠኙ ሊቀንሱ ነው

ባለፈው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቼ፣ ያንኑ ጠላ ጠጥቼ፣ ያንኑ ነገር ሰምቼ፣ ምንም ሳይወሰን ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የተጠራሁበት ጉዳይ ለጎንደር አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ከአዘዞ እስከ ቀበሌ 18 እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው ሰው ካለ ዕድሉን ያመስግን። ጎረቤቴ ዘጠኝ የጦር መሣሪያ አላቸው። ቁጥሩ በዝቷል ብለው ራሳቸው ስላመኑ ጥቂቱን ሸጠው ሊቀንሱ አስበዋል። እኔና ሦስት ሽማግሌዎች የተሰየምነው የትኛው ይሂድ፣ የትኛው ይቅር በሚለው ላይ ምክር እንድንሰጥ ነው።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ማሰብ ለማመስገን ነው። እኚህ ሰው በሬያቸውን በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ገበያ አውጥተው ሸጠዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን የዳሩት ቡናው በረካ ሳይደርስ፣ ቶናው ላይ ቃል ሰጥተው ነው። ከአባታቸው የወረሱትን ቦታ እኩሌታ ለማያውቁት ሰው ያስተላለፉት በቁማቸው ነው፤ ወንበር እንኳ አልሳቡም። መሣሪያ መቀነስ ላይ ሲደርሱ ግን አራት ዓመት አስበዋል፣ አሁንም በማሰብ ላይ ናቸው። ሁሉም ነገር በችኮላ በሚወሰንበት በዚህ ዘመን አንድን ጉዳይ እንዲህ አላምጦ አላምጦ የማይውጥ ሰው ማግኘት ለሰፈራችን ኩራት ነው። አበው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ ባለ ጠመንጃውን ያልጨመሩት ረስተውት ሳይሆን ፈርተውት ይመስለኛል።

ዘጠኙ የሚኖሩት በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የባለቤታቸው ቀሚስና ነጠላ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል፤ ጨርቅ እንደ ብረት አይዝግምና ይህም አርቆ ማሰብ ነው። ጎረቤቴ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው፣ ዕቃ ቤት እንደሚከፍት ቄሰ ገበዝ ረጋ ብለው ይከፍቱና አንድ በአንድ ያሳዩናል። ምንሽሩ የአማታቸው ስጦታ ስለሆነ ቢሸጥ ትዳር ይነካል። ለበኑ አይሸጥም፣ ምክንያቱም ምንሽሩ ካልተሸጠ እርሱ ለብቻው ለምን ይበደላል? ቤልጅጉ የክብር ዘበኛ ዕቃ ነው፤ ዘበኛው ማን እንደ ነበረ ግን አይጠየቅም። ሲሞኖቩና ክላሹ አንድ ዓይነት ጥይት የሚበሉ ወንድማማቾች በመሆናቸው መለያየቱ ነውር ነው። ከሁለቱ ክላሾች ደግሞ ባለ ሳንቃው ለሠርግ፣ ታጣፊው ለመንገድ ነው። ሽጉጦቹ ሁለት የሆኑት አንደኛው የነከሰ ዕለት ሁለተኛው እንዲደርስ ሲሆን፣ ሁለተኛውም ቢነክስስ የሚለው ሥጋት ሦስተኛ ሽጉጥ የመግዛትን ሐሳብ ወልዷል። ይህ የተነሣው በመቀነሱ ስብሰባ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ዘጠነኛው ውጅግራው ነው፤ የሁለተኛውን እሑድ ሙሉ ቀን የበላውም እርሱ ነው። ውጅግራ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሠራ፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ስሙም «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንጅ አጠራር በአባቶቻችን አፍ ተሞርዶ የመጣ ነው። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. አገር አድኗል፤ በዚህ ላይ ማንም ጥያቄ የለውም። የጎረቤቴ ውጅግራ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ሲሆን ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ቤት ውስጥ የቀረችው አንዲት ጥይት ናት፤ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ጨርቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ጠመንጃው ይተኩስ አይተኩስ የሚታወቀው ይህችን ጥይት በመተኮስ ብቻ ነው። ከተተኮሰች ደግሞ ጥይት አይኖርም፤ ጥይት ከሌለ ውጅግራው ሽቦ የታሰረበት እንጨት ይሆናል። ካልተተኮሰች ግን ጠመንጃ ነው።

አንደኛው ሽማግሌ፣ እድሜያቸውን ሙሉ የርስት ክርክር ሲሰሙ የኖሩ ሰው፣ ጥይቷ ለብቻዋ ትሸጥ አሉ። ሁለተኛው ተቆጡ፤ ጥይቷ ለብቻዋ ስትሸጥ ገዢው ውጅግራ ያለው ሰው ሊሆን ግድ ነው፣ እንዲህ ከሆነ ባዶ የነበረን ሰው እኛ ራሳችን አስታጠቅነው ማለት ነው፣ ነገ ቢጣላንስ? ሦስተኛው ጠመንጃው ተሸጦ ጥይቷ ትቅር አሉ። ጎረቤቴም ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ጥይቷ ያለ ጠመንጃው እንዴት ታድራለች ብለው ጠየቁ። እኔ እንዲያው ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ ጠመንጃውን ለታላቁ ልጅ፣ ጥይቷን ለታናሹ አውርሱ፣ እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ካልተስማሙ በስተቀር መተኮስ አይቻልም አልኋቸው። ቀልዴን ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከሁለት ሰዓት በላይም መከሩበት፦ ጥይቷ በማን ቤት ትደር፣ ታናሹ አዲስ አበባ ቢሄድ ይዟት ይሂድ ወይስ በአደራ ያስቀምጣት፣ አደራ ያዡ የታላቁ ወገን ቢሆን ተገቢ ነውን፣ ጣሳውስ የማነው? ሲመሽ የደረስንበት ብቸኛ ስምምነት ጣሳው የባለቤታቸው መሆኑ ነበር፤ እርሱንም ያወቅነው ጨው ማስቀመጫ አጥቻለሁና መልሱልኝ ብለው ስለ ጮኹ ነው።

በዚሁ ቀን አፄ ቴዎድሮስ መጠራታቸው አልቀረም፤ ጎንደር ላይ ስለ መሣሪያ ተወርቶ መይሳው ካሳ ሳይነሡ የሚበተን ጉባኤ የለም። ጎረቤቴ «ንጉሡ ብረታቸውን ሸጠዋልን?» ብለው አፋጠጡን። በእውነቱ አልሸጡም። ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ገደል ለገደል አስጎትተው መቅደላ አድርሰዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመጨረሻዋ ሰዓት ያስፈለገቻቸው ግን አንዲት ሽጉጥ ናት። ንጉሡ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትንም በብዛት ሰብስበው መቅደላ አግብተዋል፤ ይህንን ጠቅሶ «ስለዚህ እኔም መጽሐፌን አልሸጥም» የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጊዜው ክፉ ነው የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። እኔም በዚችው ከተማ ተኩስ ሲበረታ ፍራሼን ከመስኮት አርቄ ልጆቼን ወለል ላይ አስተኝቻለሁ፤ የፈራ ሰው አንድ ነገር እጁ ውስጥ ቢፈልግ አልስቅበትም። ነገር ግን ጎረቤቴ እንደ ማንኛችንም ሁለት እጅ ብቻ አላቸው፤ አንዱም ሪህ ይዞታል። ዘጠኙ መሣሪያ በአንድ ሌሊት ያስፈልጋል ከተባለ የሚጎድለን ብረቱ ሳይሆን እጁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚጠይቀውን ፈቃድ ያነሣሁ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ጠላቸውን አነሡ።

ባለ ሳንቃው ክላሽ የሠርግ ነው ብያለሁ። ጥር ሲገባ ጎረቤቴ በየዳሱ በር ቆመው፣ «ዘራፍ!» ብለው፣ ሠላሳ ጥይት የጎረሰውን ካርታ ወደ ሰማይ ያራግፋሉ፤ እልልታውም ይቀልጣል። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። ሰማይ ግን ጥይት አያስቀርም። ይወርዳል። የሚወርድበት ቤት ሙሽራውንም ሙሽሪትንም አያውቅም፤ ምናልባት ልጅ የሚታጠብበት ግቢ ነው፣ ምናልባት አሮጊት ፀሐይ የሚሞቁበት ደጅ ነው። ዕድል የቀናው ቤት ቆርቆሮው ይበሳና ሐምሌ ሲመጣ በሬንጅ ይደፍነዋል። ያልቀናው ሰው ይቀብራል። ከዚያም «በተባራሪ ጥይት» ይባላል። ተባራሪ! እንደ ወፍ ራሱ ብድግ ብሎ የበረረ፣ የሰደደው የሌለ ይመስል! ቃታውን የሳበ ጣት አለ። የጣቱ ባለቤት በዚያ ሠርግ በልቶ ጠጥቷል፣ በማግሥቱም ለቅሶ ቤት መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሏል። ይህንን ሰው የምናውቀው እኛ ነን፤ ዝም የምንለውም እኛው ነን፤ እንዲህ ያለ ቃል የፈጠርንለትም እኛው ነን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የጎረቤቴ አስተዋይነት በቀጠሮ አያያዛቸውም ይታያል። በመስከረም አይሸጥም፣ ዓመት በባዶ ቤት አይጀመርም። ከጥምቀት በፊት አይሸጥም፤ እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን ቁም ሣጥኑ ጎድሎ ቢገኝ ምን ይባላል? ጥር የሠርግ ነው። በዐቢይ ጾም የጦር መሣሪያ ንግድ ከነፍስ ጋር አይስማማም፤ መወልወል ግን ይፈቀዳል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነበር፤ ዳሩ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ሰው መቀነስ ስለሚያስብ ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ደግሞ ገዢ ጭቃ ረግጦ አይመጣም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቤታቸው አልተጠየቁም። ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ቡናውን ያፈላሉ፣ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ከመኝታ ቤቱ ይወጣሉ፣ ሲዘጋ ይገባሉ።

ባለፈው እሑድ ስንደርስ ቁም ሣጥኑ በቦታው አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ሸጠውታል፤ ገንዘቡም የትንሹ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል። ሽማግሌ አልጠሩም፣ አራት ዓመትም አልፈጀባቸውም። አቦሉን ሲቀዱልን ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ብረቱን አውጥቼ ከግድግዳው አስደግፌዋለሁ፤ አንድም አልጎደለ፣ ቁጠሩት» አሉን። ቆጠርነው። ዘጠኙም በእንግዳ መቀበያው ዙሪያ ተደርድረው ስለነበር አግዳሚው ወደ መሐል ተገፍቷል፤ እኛም በብረቱ መካከል ተሰግስገን ተቀመጥን። ምክሩ ወዲያው ተጀመረ። የዕለቱ ጉዳይ ከዚህ ሰፋ ያለ ቁም ሣጥን ከየት ይገኛል የሚል ነበር።

እኔ የደረሰኝ ቦታ ከታጣፊው ክላሽ አጠገብ ነው። ካርታው እንደ ተሰካ፣ አፈሙዙ በጆሮዬ ትክክል ነበር። ጥቂት ታግሼ ወደ ጎረቤቴ ጠጋ አልሁና፣ «ጌታው፣ ይኼ ነገር ጥይት አለበት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጠላቸውን ጎንጨት አሉ፤ ጢማቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«የለበትም» አሉኝ። «የለበትም መሰለኝ።»