ጅብ ከሄደ በኋላ መጮኽ ይብቃ

ወገኖቼ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን አገር ምድሩ ይታመሳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት ልጆቻችን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። በሁለቱም ዓመት ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፉም። ይህን ያልሰማ የለም። ሰምቶ ግን «የእኛ ወረዳ ትምህርት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው ወይ? ስንት የሒሳብና የፊዚክስ መምህር አለው? ቤተ ሙከራው በዓመት ስንት ቀን ይከፈታል?» ብሎ በደብዳቤ የጠየቀ ወላጅ ስንት ነው? ማን ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ግቢ በር ላይ አይደለም።

እናንተ የግቢ ተማሪዎችም ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም። ወጡ ሲቀጥን ለሁለት ወር ታጉረመርማላችሁ። ከዚያ አንድ ምሽት ካፌ ውስጥ ትሪ ይገለበጣል፣ መስታወት ይሰበራል፣ ፌዴራል ይገባል። በማግስቱ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የሚቆመው ትሪ የወረወረው ልጅ ነው፤ ወጡ ለምን ቀጠነ የሚለው ጥያቄ ግን እዚያው መሬት ላይ ከፈሰሰው ጋር ይጠረጋል። ለአንድ ተማሪ የተመደበው የቀን የምግብ በጀት 22 ብር በነበረበት ጊዜ ለሦስት ስታካፍሉት ለአንድ ማዕድ 7 ብር ከ33 ሳንቲም ይደርስ ነበር። ይህን የማካፈል ሥራ ማንም ተማሪ በግማሽ ደቂቃ ይሠራዋል። ሠርቶ፣ የገበያውን የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ከጎኑ ጽፎ፣ ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ ያስገባ ግን ጥቂት ነው። በ2017 በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ሁላችን ደስ አለን። ያን ጊዜም ቢሆን መጠየቅ የነበረበት አልተጠየቀም፦ የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ደንቡ የምግብንና የመኝታን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ላይ ያሳርፋል። ታዲያ ከተጨመረው ብር ውስጥ ስንቱ የመንግሥት ድጎማ፣ ስንቱ የተመራቂው ዕዳ ነው?

ኮስት ሼሪንግ ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው ቸልታ ያሳዝናል። ፍሬሽማኑ ሬጅስትራር ደጃፍ ተሰልፎ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል፣ ቅጂ ሳይወስድ ይሄዳል። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲፈልግ ዕዳህን ክፈል ይባላል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት በእጁ የለም። በየዓመቱ የፈረማችሁትን ውል ቅጂ ጠይቁ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከግቢ ውጭ የተመገባችሁበት፣ ግቢው ተዘግቶ ቤታችሁ የቆያችሁበት ወይም ትምህርት ለማቋረጥ ዊዝድሮው የሞላችሁበት ጊዜ ካለ ያ ወር አብሮ መታሰብ አለመታሰቡን እዚያው ዓመት ላይ አጣሩ። ደሃው ልጅ ነው በዚህ የሚጎዳው። ባለጸጋው ከፍሎ ይገላገላል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ግቢ ስታደርሱ «ዝም ብለህ ተማር፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላችሁ ትሸኙታላችሁ። ፍርሃታችሁ ከባዶ አልመጣም። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነፃ ኅብረት እንዲኖራቸው፣ ጋዜጣቸው እንዲመለስና ፖሊስ ከግቢ እንዲወጣ ጠይቀው በተነሣው ግርግር የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያንን የሚያስታውስ ወላጅ ልጁን ቢያስጠነቅቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የተማሪ ኅብረቱን ስብሰባ መሳተፍ፣ ደብዳቤ ጽፎ መዝገብ ቤት ማስገባት፣ መልሱን መከታተል ግርግር አይደለም። ልጃችሁን ከዚህ ስትከለክሉት የምታስቀሩለት አደጋ የለም። የምታስቀሩበት ግን አለ፦ ቅሬታን በሥርዓት ማቅረብ ያልተማረ ተማሪ ብሶቱ ሞልቶ ሲፈስ ትሪውን ያነሣል።

ከዚህም የቆየ ትምህርት አለን። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የተዘጋጀው የትምህርት ጥናት፣ በጊዜው አጠራር ሴክተር ሪቪው፣ እስከ የካቲት 1966 ድረስ ለሕዝብ አልታተመም ነበር። ሰነዱ በተደበቀበት ጊዜ ሁሉ ወሬው ብቻውን ሠራ። መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ተማሪዎችና ወላጆች ተነሡ፣ መንግሥት ጥናቱን አዘገየው። የከተማው ሰው ልጄን ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ ያስቀሩብኛል ብሎ መስጋቱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በዚያው ሰነድ ውስጥ ለገጠሩ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ማስፋት የሚል ሐሳብም ነበር፤ እሱም አብሮ ተገፋ። ያኔ ለገጠሩ ልጅ በአደባባዩ ላይ የሚሟገት ቢኖር ኖሮ «ይህን አንሱ፣ ይህን ግን አቆዩ» ይባል ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነው፦ ጥያቄ ስታነሡ በስብሰባው ላይ የሌለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ።

በስብሰባው ላይ ከሌሉት አንዱ ደረጃ መውጣት ያልቻለው ነው። ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነዋ።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መተላለፊያ፣ ለእነሱ የሚመች መጸዳጃ ቤትም እንዲኖረው አዝዟል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 አጽድቃለች። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ተቋማትን በዚህ ረገድ ግዴታ ውስጥ ያስገባል። ሕግ አልጎደለም። የጎደለው ሜትር ይዞ የሚለካ ሰው ነው። ስለዚህ ለኩ። በሰፊው ተቀባይነት ያለው የራምፕ፣ ማለትም ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት፣ ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት። ከሕንፃው በር ፊት 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያላቸው አራት ደረጃዎች ካሉ ከፍታው 60 ሴንቲሜትር ነው፤ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 መርዘም አለበት። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ በሲሚንቶ የለሰለሰ ዳገት ነው። በዚያ ላይ በዊልቸር የሚሄደው ተማሪ ብቻውን ከወጣ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ሁለት ሰው ይገፋዋል። ዝናብ ሲዘንብ ሁለቱም ያንሸራትታቸዋል። ጫፉ ላይ ዊልቸሩ የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሚሆን ሜዳ ከሌለ በሩን ራሱ መክፈት አይችልም። መጨረሻው የውኃ መውረጃ ቦይ ላይ ካረፈ ደግሞ ፊተኛው ጎማ እዚያ ይሰካል። ግንባታው ርክክብ ሲደረግ «ራምፕ፦ አለ» ተብሎ ተፈርሟል። እናንተ በየቀኑ አጠገቡ እያለፋችሁ አልለካችሁትም።

ራምፕ በጀት ይጠይቃል፣ ጊዜም ይፈጃል። ምንም ብር የማይጠይቀው መፍትሔ ግን የክፍል ድልድል ነው። በዲፓርትመንቱ ውስጥ ፎቅ መውጣት የማይችል ተማሪ ካለ የዚያ ባች ክፍለ ጊዜ ሁሉ ምድር ቤት ይሁን። ይህ የሚሆነው ጥያቄው ፕሮግራሙ ከመለጠፉ በፊት ለዲፓርትመንት ኃላፊውና ለሬጅስትራር ከደረሰ ነው። ከተለጠፈ በኋላ አንዱን ክፍል ማንሣት አሥሩን ስለሚያናጋ «ለሚቀጥለው ሴሚስተር» ትባላላችሁ። ዓይነ ስውር ተማሪዎችን በሚመለከትም ነገሩ ይኸው ነው። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም የሚላክ ሃንዳውት ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ለስክሪን ሪደር፣ ባዶ ወረቀት ነው፤ ማንበብ የሚችለው ፊደሉ የተጻፈበትን ፋይል እንጂ ሥዕሉን አይደለም። መምህሩ የጻፈበትን የወርድ ፋይል ቢልክ በቂ ነበር። የክፍል ተወካዮች፣ ይህን አንድ ነገር መምህራችሁን መጠየቅ ምን ይከብዳችኋል? ተማሪው ለመመረቅ የሚፈተነው የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ አንባቢ፣ ስክሪን ሪደር ወይም ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ተማሪ ስም ዝርዝር ቀድሞ ካልተላለፈ በፈተናው ጠዋት የሚገኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ደብዳቤ። ዶርሙንም፣ ውኃውንም፣ የመምህሩን ግሬድም አንድ ገጽ ላይ ያጨቀ አቤቱታ ለየትኛው የሥራ ክፍል እንደሚመራ ስለማይታወቅ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ለሥራ ክፍሉ ጻፉ፤ ለግለሰቡ በስሙ አትጻፉ፤ ሰው ይዛወራል። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር «ቅሬታ ስለማቅረብ» አትበሉ። «የሦስተኛ ዓመት ክፍል ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር ስለመጠየቅ» በሉ። የደረሰውን በቀንና በቁጥር አስቀምጡ፣ የምትጠይቁትን አንድ ነገር ግልጽ አድርጉ፣ እስከ መቼ መልስ እንደምትጠብቁ ጻፉ። ግልባጭ ለተማሪዎች ዲንና ለኅብረቱ። ፊርማ ስታሰባስቡ ባዶ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አታስፈርሙ፤ የጥያቄው ጽሑፍ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ይታተም። ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሊያያዝ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ የፈረሙት ይክዳሉ፣ ያሰባሰበው ይከሰሳል። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ ፊርማ። አንድ ተማሪ ብቻውን በመምህሩ ላይ እንዲፈርም አትተዉት፤ በኅብረቱ ስም ይውጣ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱ ገቢ ይሁን፤ በሌላው ላይ ማኅተሙን፣ ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን አስመትታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት የመጣችሁት ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

መረጃ ከተነፈጋችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለላችሁ። የመንግሥት ተቋም የመረጃ ጥያቄ ሲቀርብለት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ። በዚያ ካልረካችሁ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ስትጠይቁ «ስንት ሴቶች ገቡ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ስንቶቹ ሁለተኛ ዓመት ደረሱ? ስንቶቹ ተመረቁ? በመጀመሪያው ሴሚስተር የተሰናበቱት ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) አግኝተው ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴቷን ወይም የአርብቶ አደሩን ልጅ በልዩ ድጋፍ አስገብቶ ያለ እገዛ በጥር ወር ሻንጣዋን አሸክሞ መመለስ ግፍ ነው። ይህን የምታሳየው የገቡት ቁጥር ሳትሆን የተመለሱት ቁጥር ናት።

በግል ኮሌጆች የምትማሩትንና ልጆቻችሁን የምታስተምሩትን ወላጆች ደግሞ ለብቻ እወቅሳለሁ። በ2015 ሐምሌ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ብዙዎቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ፣ ከደመወዛቸው ቆርጠው የከፈሉ ናቸው። ከመመዝገባችሁ በፊት ዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። በአንዱ ካምፓስ በቀን የተፈቀደ የአካውንቲንግ ፕሮግራም በሌላው ካምፓስ ወይም በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የእያንዳንዱን ክፍያ ደረሰኝ አስቀምጡ። የተማሪ ኅብረት ከሌላችሁ በየባቹ ሁለት ተወካይ መርጣችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ብቻውን የሚሄድ ከፋይ ደጅ ሲጠና ይውላል።

ጊዜውን ደግሞ ዕወቁት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱ በተወካዮች ምክር ቤት የሚጸድቀው ከዚያ ቀድሞ ነው፤ ተቋማት ፍላጎታቸውን አሰናድተው የሚያቀርቡት ደግሞ ወራት አስቀድመው ነው። ጥቅምት ላይ «ራምፕ ይሠራ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀጠር» ስትሉ የዘንድሮው ብር ተመድቦ አልቋል። ጥቅምት ላይ ለኩ፣ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፤ ጥር ሳያልቅ በጀት ክፍልና ሴኔት ጋ ይድረስ። በሴኔት የተማሪ ተወካይ አላችሁ። ስሙን የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? አጀንዳው ከስብሰባው በፊት እንዲደርሰው፣ ሲወጣም የተወሰነውን በጽሑፍ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ይህ ከአሁን በኋላ ይበልጥ ይመለከታችኋል። አዋጅ ቁጥር 1294/2015ን ተከትሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታቅዷል። ክፍያውና ቅበላው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚወሰን ሲሆን፣ መክፈል ለማይችለው ልጅ ስንት ቦታ እንደሚያዝ ማን እንደሚጠይቅ ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

አንድ የቀረ አለ። ኅብረቱ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል፣ አዲሱ ተመራጭ ያንኑ ደብዳቤ ከዜሮ ይጽፋል። ዘንድሮ የምትመረቁ የኅብረት አባላት፣ የገቢ ቁጥር ያለባቸውን ቅጂዎች፣ ቃለ ጉባኤዎቹንና ያልተመለሱትን ጥያቄዎች በአንድ ክላሰር አድርጋችሁ፣ ለማን እንደምታስረክቡ ከግንቦት በፊት ወስኑ፤ ርክክቡን ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ይግባ።