ዱቄት እናድርስ ወይስ መሬታቸውን እናሳርስ?

መነሻው ይህ ነው። አዳማ ያለ አንድ የቤተክርስቲያን ማኅበር በዙሪያው ገጠር ለሚኖሩ፣ ጧሪ ለሌላቸው መበለቶች በየወሩ ዱቄትና ዘይት ያደርሳል። የማኅበሩ አገልጋይ ይቀጥል ትላለች። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ደግሞ ገንዘቡ እርሻቸው ላይ ይዋል ባይ ናቸው።

አገልጋይዋ፦ ጋሼ፣ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ልጀምር። ኢየሩሳሌም ላይ መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሳ። ሐዋርያት እደላው ይቅር አላሉም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሾሙበት። ሰማንያ የተጠጉ እናት ሆዳቸው መኸር እስኪደርስ አይጠብቅም። ገበሬ ጡረታ የለው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ የመንግሥት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም፣ መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ አለው፤ ግን ሁሉም ወረዳ አይደርስም።

ባለሙያው፦ ልጄ፣ ጥቅስ ከሆነ ጳውሎስም አለ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ላይ መዝገብ የምትገባ መበለት ከ60 ዓመት አትነስ ይላል። ዘመድ ያላትን ደግሞ ዘመድ ይርዳት፣ ቤተክርስቲያን አይክበዳት ይላል። የዘመዱን ነገር ዘለላችሁት። መኪናችሁ መመላለስ ከጀመረች ወዲህ «እሳቸውማ ድርጅት አላቸው» ብሎ እጁን የሰበሰበ የወንድም ልጅ አውቃለሁ።

ዋናው ግን መሬቱ ነው። ብዙዎቹ የይዞታ ደብተር አላቸው፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት። በሬ ስለሌላቸው ለእኩል ይሰጡታል። አራሹ ግማሹን ይወስዳል። አውድማ ላይ ቆሞ የሚያይላቸው ከሌለ ደግሞ ግማሹም ግማሽ አይሆንም። የዱቄቱን ብር ለትራክተር ኪራይ፣ ለዘርና ለማዳበሪያ አውሉት። ጤፉ የራሳቸው ይሁን። ገለባው እንኳ ብር ነው።

አገልጋይዋ፦ ጤፉን ማን ያርማል ጋሼ? ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ጎንበስ ብሎ በእጅ ነው። ለአራሚ፣ ለአጫጅ፣ ለሚወቃ ከከፈልን ያው ዱቄቱን ዞረን ሰጠን ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆ ዝናብ ሐምሌ ላይ ቢከዳንስ? መሬቱን ልጆች የተካፈሉባቸውስ? ደግሞ በየወሩ ስንሄድ በር እናንኳኳለን። አንድ እናት ዘይቱን ሱቅ ሸጠው የዓይን ጠብታ እንደገዙ ያወቅነው ቤታቸው ስለገባን ነው። ከዚያ ወዲህ የጤና መድን መዋጮአቸውን እየከፈልን ነው።

ባለሙያው፦ መድኑን አልቃወምም፤ እንዲያውም ከዱቄቱ ይሻላል። ፎቶውንስ ምን ትያለሽ? ከረጢት አሳቅፋችሁ በረድፍ ታቆሟቸዋላችሁ፣ ባነሩ ከኋላ። አንዷ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ቢስቡት ስልክ የያዘው ልጅ «እማማ ትንሽ ገለጥ ያድርጉት» አላቸው። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለማን ነው?

አገልጋይዋ፦ ለጋሾች ይጠይቃሉ። ፊርማ ይበቃል ብዬ ኮሚቴው ላይ ተከራክሬያለሁ፣ እሱ ላይ አንጣላም። ግን እሺ፣ መሬቱ ይታረስ። እስኪታጨድ ምን ይብሉ? ኅዳር ሩቅ ነው።

ባለሙያው፦ እስከ ኅዳር ስጡአ! ከዚያ በኋላ መሬት ላላቸው አቁሙ። አውድማው ላይ ደግሞ ከእናንተ አንድ ሰው ቁና ይዞ ይቁም፤ የፎቶው ልጅ ቢሆንም ግድ የለኝም።