ካኑ ጸሎት ሲገዛ

እ.ኤ.አ. በ1267 ሩሲያን ይገዛ የነበረው የሞንጎል መንግሥት፣ የወርቃማው ሆርድ፣ ካን (ንጉሥ) ሞንግከ ቴሙር ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ካህናት ደብዳቤ ሰጠ። ካህናቱ ግብር አይከፍሉም፣ አይዘምቱም፣ ለካኑ መልእክተኞች ፈረስና ስንቅ አያቀርቡም። እምነታቸውን የሰደበ ይሙት። በምላሹ ለካኑና ለዘሩ ይጸልያሉ። ደብዳቤው በዚህ አያበቃም፤ በልቡ ሌላ ነገር ይዞ የሚጸልይ ካህን ኃጢአት ይሠራል ይላል። የንስሐ አባትም እንዲህ አይመረምር!

ሞንጎሎችን የሃይማኖት ነጻነት አባቶች ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌላው ሞንግከ፣ የሞንጎሎች ሁሉ የበላይ የነበረው ሞንግከ ካን፣ እ.ኤ.አ. በ1254 ለአንድ ፈረንሲስካዊ መነኩሴ የተናገረው ነው፤ እግዚአብሔር ለእጅ የተለያዩ ጣቶች እንደሰጠ ሁሉ ለሰውም የተለያዩ መንገዶች ሰጥቷል አለው። ንግግሩ ያምራል። ለእኔ ግን ከንግግሩ ይልቅ የሚናገረው የግብር መዝገቡ ነው። በ1250ዎቹ መጨረሻ የሞንጎል ቆጣሪዎች የሩሲያን ሕዝብ ሲመዘግቡ ካህናቱን ዘለሏቸው፤ ገበሬው ግን ተቆጠረ፣ ከፈለም። ገበሬውን ለአመፅ ሊያነሳሳ የሚችለው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጣው ነገር ነበረው።

ቻይና ውስጥ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ቻይናን የገዛው ሞንጎል ኩብላይ ካን የቲቤቱን መነኩሴ ፋግስፓን የመንግሥት መምህር አድርጎ ሾመ፤ ለግዛቱ ቋንቋዎች ሁሉ የሚሆን ፊደልም አስቀረጸው። በ1280 አካባቢ ግን ሙስሊም ነጋዴዎች ከማዕዱ የቀረበላቸውን ሥጋ አንበላም ሲሉ ተቆጣ። ሥጋው የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ በማይበላበት አገር ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ኩብላይ በእስልምና ሥርዓት ማረድን ከለከለ፤ የተገኘ ይሙት አለ። እገዳው የተነሳው ከዓመታት በኋላ ነው። ፋርስን በገዙት ሞንጎሎች፣ በኢልካኖቹ፣ ቤት ያገለገለው ታሪክ ጸሐፊ ረሺድ አል-ዲን እንደሚተርከው፣ ሙስሊም ነጋዴዎች መምጣት አቁመው ቀረጡ ስለቀነሰ ነበር።

ተገዢዎቹም ሒሳቡን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1281 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ ንስጥሮሳውያን የምንላቸው፣ ፓትርያርክ ሲመርጡ ዓይናቸው ከሰሜን ቻይና በመጣ ማርቆስ በሚባል መነኩሴ ላይ አረፈ። ሰውየው የቤተ ክርስቲያኑን ቋንቋ ሱርስጥን በደንብ አይችልም። የሚችለው የገዢዎቹን ቋንቋና ወግ ነው። ጳጳሳቱም የመረጡት ይህንኑ ብለው ነው፤ ሦስተኛ ያህበላሃ ተባለ። ለጊዜው አዋጣቸው፤ ኢልካኖቹ አከበሩት፣ ሸለሙት።

እ.ኤ.አ. በ1295 የሞንጎሉ ልዑል ጋዛን ሰልሞ ፋርስን ያዘ። ሞንጎሎቹ ብዙ ሙስሊም ሕዝብ በሚገዙበት አገር የሚያዋጣው ጸሎት ተለውጦ ነበር። የቡድሃ ቤተ መቅደሶች እንዲፈርሱ ታዘዘ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተመዘበሩ። ያህበላሃን ማራጋ ከተማ ውስጥ ይዘው ቁልቁል ሰቅለው ደበደቡት። ሞንጎልኛው አላስጣለውም፤ የለቀቁት ገንዘብ ሲከፈላቸው ነው።