አበባውን ማን አየው?

ቶሎ የሚደርስ ፕሪም ነው ቢሉት ጊዜ የስፔኑ ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ እግር አውጥቶለት አስሮጠው። ቀልዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሰውየው የድሮ የዕፅዋት ሥዕሎችን አንስቶ፣ እነ ሬዱቴ የመሳሰሉ የዕፅዋት ሠዓሊዎች ቅጠል በቅጠል ተጨንቀው የሳሏቸውን አበቦችና ፍራፍሬዎች፣ እንዳሻው ሲቀጥልባቸው ከረመ። እንዲህ ያለ ፍሬ እያየ የማይስቅ ሰው አለ?

አለ። ሥዕል ሰብሳቢው።

ሰብሳቢው ምን ጊዜ አለው ብላችሁ ነው! መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ወደ ፊርማው ይሄዳል። ከዚያ በእርሳስ ወደ ተጻፈችው የቅጂ ቁጥር፤ ሥዕሉ በብዙ ቅጂ የታተመ ነውና ሐሰተኛ እንዳይሆንበት ይፈራል። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መብራት አንስቶ በውስጡ የሚታየውን የፋብሪካ ምልክት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አርሽ የሚባለው የፈረንሳይ ወረቀት እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ የተኛ ስምንት ቁጥር የመሰለ ምልክት ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ የተባለ አበባ ላይ ያ ስምንት ተጋድሞ ከተገኘ አለቀ፤ ሥዕሉ ወረቀቱን ከአሥር ዓመት በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። ሰብሳቢውን ውኃ አጠጡት።

ደግሞ አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ አባት ልጁን "ባዶ ወረቀት ላይ እንዳትፈርም" ብሎ ይመክራል። ዳሊን የመከረው የለም መሰለኝ፣ ወይ ተመክሮ እምቢ ብሏል፣ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ጉምሩክ ወደ ጎረቤቷ ትንሽ አገር አንዶራ የሚሄድ መኪና ቢያስቆም 40,000 ባዶ ወረቀት ተገኘ፤ ሁሉም ላይ የዳሊ ፊርማ አለበት። አስቡት እስቲ። ፊርማው የራሱ የዳሊ፣ ሥዕሉ ግን በኋላ ወረቀቱ እጁ የገባ ሰው! ስለዚህ "ፊርማው እውነተኛ ነው" ሲሏችሁ ቶሎ ደስ አይበላችሁ።

ይህን ሁሉ ፈተና ያለፈ አበባ ታዲያ የት ይቀመጣል? መሳቢያ ውስጥ። ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋላ! ግድግዳው ላይ በፍሬም ተሰቅሎ የምታዩት ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬቱን ማን ፈረመው?

ሻጩ።