የልጆችን ኩላሊት የሚያሳምመው ብርድ አይደለም

እህቴ፣ «ልጁ ሆስፒታል የተኛው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ኩላሊቱን ብርድ ስለመታው ነው» ብለሽ የጻፍሽው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ አልፈርድብሽም። ግን የኩላሊት ኢንፌክሽንን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ። በሽንት መውጫው ገብቶ ወደ ፊኛ፣ ከዚያም ወደ ኩላሊት ይወጣል። የሆድ ድርቀት፣ ሽንትን ይዞ መቆየት፣ ሽንት ከፊኛ ወደ ላይ የሚመለስበት የአፈጣጠር ችግር መንገዱን ያመቻቹለታል። ሆስፒታል ተኝቶ የሽንት ቱቦ የገባለት ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። ቱቦው ሥራውን እንደጨረሰ ቶሎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ጨቅላ ሕፃን «ስሸና ያመኛል» አይልም። ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ያስመልሰዋል፣ ወይ ጡት እምቢ ይላል። ይሄኔ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባልና ቀናት ያልፋሉ። ኧረ ሽንቱ ይመርመር! የካልቸር (ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ተደርጎ ዓይነቱ የሚለይበት ምርመራ) ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት የተጠራቀመ ሽንት ግን በቀላሉ ስለሚበከል ለካልቸር አይታመንም። ትኩሳቱ በረደ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥማ በጭራሽ።